ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ፦ አለካኩ፣ አሠራሩና አያያዙ

(በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩና ከካምፕ ለሕክምና ለመጡ ወገኖች አንድ ስደተኛ መምህር ያደረገው ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)





እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ልጆቻችሁን የማስተምር ስደተኛ ነኝ። ሆኖም ፈረንሳይኛ በመጠኑ ስለምናገር፣ አዛውንቶቻችን ወደ ጥርስ ሐኪም በሚሄዱበት ጊዜ በአስተርጓሚነት አብሬ እሄዳለሁ። ሐኪሙ የሚለውን ወደ አማርኛ፣ እናንተ የምትሉትን ወደ ፈረንሳይኛ ስመልስ ብዙ ነገር ለማየትና ለመጠየቅ ዕድል አግኝቻለሁ። ያልገባኝን ደግሞ ከመጻሕፍት አንብቤአለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ ይህንኑ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ጥርሳቸው በሙሉ ያለቀባቸው አባቶችና እናቶች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በስንት ደጅ ጥናት ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠርተው ሲያበቁ በመሐረብ ቋጥረው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። «ያመኛል»፣ «ይወድቅብኛል»፣ «ስናገር ይንቀጫቀጫል» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ሐኪም ተመላልሰው ሥራው ሳይጠናቀቅ ይተዉታል። በዚህም ምክንያት አዛውንቱ ሥጋውንም አትክልቱንም ትቶ በሻይና በተነከረ ዳቦ ብቻ ይኖራል። ይከሳል፣ ይደክማል፣ ከሰው ጋር መብላት ያፍራል፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አብዛኛው ችግር ግን አስቀድሞ በማወቅ ሊወገድ የሚችል ነው።

1ኛ/ ጥርስ ሲያልቅ አፍ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጥርስ በአጥንት ውስጥ የተተከለ ነው። ጥርሱን አቅፎ የያዘው የመንጋጋ አጥንት የሚጠነክረው ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው። ጥርሱ ሲወጣ ያ አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ ቀስ በቀስ እየሟሸሸ ይሄዳል። ድዱም አብሮት ዝቅ ይላል። አንድ ሰው ጥርሱ ባለቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጉንጩ የሚገባውና አገጩ ወደ አፍንጫው የሚጠጋው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ መሟሸሽ ከሁሉ የሚፈጥነው ጥርሱ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በተለይም በመጀመሪያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ይቀንሳል እንጂ ዕድሜ ልክ አይቆምም። አንትየ ታልግሬን የተባሉ ተመራማሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያደረጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ድረስ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ እንደሚሟሽሽ አሳይተዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የዛሬ አምስት ወይም አሥር ዓመት በልክ የተሠራ ጥርስ ዛሬ ቢሰፋ ጥርሱ ስለተበላሸ ሳይሆን አፋችን ስለተለወጠ ነው። ሁለተኛ፣ ጥርስ እንደወጣ ወዲያው ልክ መስጠት ለዘለቄታው አይበጅም። ቁስሉ ደርቆ ድዱ እስኪረጋ ድረስ ሁለትና ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ጥርስ በወጣበት ዕለት የሚገጠም ጊዜያዊ ዓይነት አለ፤ እርሱ ግን አጥንቱ ሲሟሽሽ ስለሚሰፋ ከወራት በኋላ ውስጡ እንደገና መሞላት ይኖርበታል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህም ላይ ይሠራል።

2ኛ/ ያለ ሥር፣ ያለ ሚስማር የሚይዘው ምንድን ነው?

«ጥርሱ ሥር የለው፣ በሚስማር አልተመታ፣ እንዴት ይቆማል?» ብለው የጠየቁኝ አንድ አባት ነበሩ። መልካም ጥያቄ ነው። በካምፕ የምናውቀውን ድንኳን በምሳሌነት ልውሰድ። ድንኳን በደህና እንዲቆም ሦስት ነገር ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው የሚያርፍበት መሬት ነው። መሬቱ ሰፊና ጽኑ ከሆነ ክብደቱ ይከፋፈላል። ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ በተቻለ መጠን ሰፊ የሆነ ድድ ላይ መተኛት አለበት። ጠባብ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ በአንድ ቦታ ወርዶ ያቆስላል። የላይኛው ጥርስ ላንቃን በሙሉ የሚሸፍነው ለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው «ላንቃዬን አፈነኝ፣ ይቆረጥልኝ» ይላል። ያ ላንቃ ላይ ያለው ክፍል ግን ዋናው መሠረቱ ነው።

ሁለተኛው ወደ ጎን አለመወዛወዝ ነው። ምሰሶው በትክክለኛው ቦታ ካልቆመ ድንኳኑ ይንገዳገዳል። ጥርሱም ከድዱ ጉብታ በጣም ወደ ውጭ ወይም በጣም ወደ ውስጥ ከተደረደረ፣ በአንድ በኩል ሲታኘክ በሌላው በኩል ይነሣል። ምላስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጉንጭና ከንፈር ከውጭ ወደ ውስጥ ይገፋሉ። ጥርሱ መቆም ያለበት ሁለቱ ግፊቶች እኩል በሚሆኑበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ወደ ላይ አለመነሣት ነው። እዚህ ጅቡቲ በበጋ ካምሲን ሲነፍስ ድንኳን የሚነቅለው በየት በኩል ገብቶ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በጠርዙ ሥር ነው። ጠርዙ በአሸዋና በድንጋይ ዙሪያውን ከተዘጋ ነፋስ አይገባም፣ ድንኳኑም አይነሣም። የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስም እንዲሁ ነው። በጥርሱና በድዱ መካከል ስስ የምራቅ ሽፋን አለ። በሁለት የመስታወት ቁራጮች መካከል ጥቂት ውሃ ጣል አድርጋችሁ ብታጣብቋቸው ለማላቀቅ እንደሚያስቸግሩ፣ ምራቁም ጥርሱን ከድዱ ጋር ያጣብቀዋል። የጥርሱ ጠርዝ ዙሪያውን ለስላሳውን ሥጋ በልክ ከነካ አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ አይወድቅም። ጠርዙ አጭር ከሆነ አየር ይገባል። ረዥም ከሆነ ደግሞ ከንፈርና ጉንጭ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ገፍተው ያወርዱታል፣ ሥጋውንም ይቆርጣል።

የታችኛው ጥርስ ግን የተለየ ነው። መካከሉን ምላስ ስለያዘው ቅርጹ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ነው፤ የሚያርፍበት ስፋት ከላይኛው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ዙሪያውን አየር የማያስገባ አድርጎ መዝጋትም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በዓለም ሁሉ የታችኛው ከላይኛው ይበልጥ ያስቸግራል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። የታችኛውን አጽንቶ የሚይዘው ጉልበት ሳይሆን የለመደ ምላስ ነው።

3ኛ/ ጥቂት ስለ ታሪኩ

ጥርስ አጥቶ የተቸገረው ድኻ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ሥልጣን ሲይዙ በአፋቸው የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ያደርጉት የነበረውም ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስና ከብረት የተሠራ ነበር። በአውሮፓ ደግሞ በጦር ሜዳ ከሞቱ ወታደሮች አፍ የወጣ ጥርስ ይሸጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. ከ1815 የዋተርሉ ጦርነት በኋላ «የዋተርሉ ጥርስ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1538 ያረፉ አንዲት የቡድሃ መነኵሲት ከእንጨት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥርስ ነበራቸው።

ይህ ነገር ለተራው ሕዝብ የደረሰው ከ1850ዎቹ በኋላ ጎማን በእሳት አጠንክሮ የድድ ቅርጽ መስጠት ሲቻል ነው። ዛሬ የምናየው ሐምራዊ ፕላስቲክ አክሪሊክ ይባላል፤ ለዚህ አገልግሎት የዋለው ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነው። በአሁኑ ጊዜ ባደጉ አገሮች አፍን በካሜራ አንሥቶ በኮምፒዩተር የሚያትም መሣሪያ አለ። መሣሪያው ይለወጥ እንጂ ቀደም ብዬ በድንኳን የመሰልኋቸው ሦስት ነገሮች አልተለወጡም።

4ኛ/ ሥራው በስንት ቀጠሮ ይጠናቀቃል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እገባለሁ። በደንብ የሚሠራ ሙሉ ጥርስ ብዙውን ጊዜ አምስት ቀጠሮ፣ ከዚያም የማስተካከያ ቀጠሮ ይፈልጋል። ከአሊ አዴ ወይም ከሆል ሆል ለሚመጣ ሰው ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ቀጠሮ ለምን እንደሆነ ካወቅን ግማሽ መንገድ ላይ አንተወውም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ምርመራና የመጀመሪያ ልክ ነው። ሐኪሙ ድዱን በጣቱ ይዳስሳል፤ የቀረ ሥር፣ ቁስል ወይም ሹል አጥንት እንዳለ ያያል። ስኳር በሽታ እንዳለባችሁ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ፣ አፋችሁ ይደርቅ እንደሆነ ይጠይቃል። እውነቱን ንገሩት። ከዚያም ከባሕር አረም የሚገኝ ዱቄት በውሃ ለውሶ፣ ማንኪያ በሚመስል ብረት ላይ አድርጎ አፍ ውስጥ ያስገባል። በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። የሚያቅለሸልሻችሁ ከሆነ አንገታችሁን ወደ ፊት ደፋ አድርጋችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። በወጣው ቅርጽ ላይ ጄሶ ይፈስስበትና የአፋችሁ አምሳያ ይገኛል።

ሁለተኛው ቀጠሮ ትክክለኛው ልክ ነው። በጄሶው ላይ ለእናንተ አፍ ብቻ የሚሆን መለኪያ ይዘጋጃል። ሐኪሙ በጠርዙ ላይ ሲሞቅ የሚለሰልስ ነገር ቀብቶ ያስገባና «ከንፈርዎን ያሞጥሙ፣ ፈገግ ይበሉ፣ ምላስዎን ያውጡ፣ ይዋጡ» ይላል። ይህን ጊዜ አንዳንድ አባቶች አፍረው ዝም ይላሉ። ጨዋታ ግን አይደለም። ጠርዙ የት ላይ ማለቅ እንዳለበት የሚወስነው የእናንተ እንቅስቃሴ ነው። «አ በሉ» ሲልም ላንቃ ከኋላ የሚንቀጠቀጥበትን መስመር እያየ ነው፤ የላይኛው ጥርስ ማለቂያው በዚያ ነው። ሐኪሙ ያዘዘውን በሙሉ አድርጉ። ልብስ ሰፊ ልክ ሲወስድ ትንፋሹን ውጦ የቆመ ሰው በኋላ ሸሚዙ እንደሚጠብበት አስቡ።

ሦስተኛው ቀጠሮ የመንጋጋ ከፍታና አገጣጠም ነው። ይህ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ሐኪሙ በጥርስ ፈንታ የሰም ግድግዳ ያስገባል። ሰው ዘና ብሎ ሲቀመጥ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አይነካካም፤ በመካከሉ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ይህን ለማግኘት ሐኪሙ «ማማ» አሰኝቶ ከንፈራችሁ ሲገጥም ይለካል። ከፍታው ከበዛ አፍ ሞልቶ ይታያል፣ ጥርሱ በንግግር ጊዜ ይንኳኳል፣ ድድ ቀኑን ሙሉ ያማል። ካነሰ ደግሞ ፊት ይጨማደዳል፣ የከንፈር ማእዘን ይሰነጠቃል። ቀጥሎም ሐኪሙ አገጫችሁን ይዞ «ወደ ኋላ ዘና አድርገው ይግጠሙ» ይላል። ጥርስ የሌለው ሰው አገጩን ወደ ፊት አውጥቶ መግጠም ስለለመደ በዚህ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። አንገታችሁን ዘና አድርጉ፤ ምላሳችሁን ወደ ላንቃችሁ ኋላ አጥፉ። የሰሙም መስመር ከፊት ሲታይ ከሁለቱ ዓይኖች፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ከአፍንጫ ክንፍ እስከ ጆሮ ካለው መስመር ጋር እንዲስተካከል ይደረጋል።

በዚሁ ቀን የጥርሱ መልክና መጠን ይመረጣል። የስድስቱ የፊት ጥርሶች ስፋት ከአፍንጫ ስፋት ጋር ይመዛዘናል። ድሮ የተነሣችሁት ፈገግታ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በጣም ነጭ ጥርስ የሚመርጡ ብዙ ናቸው፤ በ60 ዓመት ሰው ፊት ላይ ግን የኖራ ያህል ሲነጣ ከሩቅ ይታወቃል። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂ አካባቢ፣ የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። እንዲህ ያለ ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ጥርስ ሲያምረው አይፈረድበትም። ምርጫው የባለቤቱ ነው።

አራተኛው ቀጠሮ በሰም መሞከር ነው። ጥርሶቹ ብዙውን ጊዜ ከላይ 14፣ ከታች 14 ሆነው በሰም ላይ ተደርድረው ይመጣሉ። እንግዲህ ይህን ቀን በሚገባ ተጠቀሙበት። መስታወት ጠይቁ። ቤተሰብ አብሮ ይይ። ሳቁ፣ ተናገሩ። ሐኪሙ ቋንቋችንን ባያውቅም እኛው ራሳችን መፈተኛ አለን። «ስድሳ ስድስት» ብላችሁ ደጋግማችሁ ቁጠሩ፤ «ስ» ስትሉ የላዩና የታቹ ሊቀራረቡ ይገባል እንጂ ሊጋጩ አይገባም። ከተጋጩ ከፍታው በዝቷል። «አፍ»፣ «ፍርፍር» በሉ፤ «ፍ» ስትሉ የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ቀስ ብሎ መንካት አለበት። ሰም ስለሆነ በዚህ ቀን ሁሉም ይስተካከላል። ፕላስቲክ ከሆነ በኋላ ግን ጥርሱን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይቻልም። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ መንገድ ለማሳጠር ሌላውን ቀጠሮ ማቀናጀት ቢቻል እንኳ በሰም ሳትሞክሩ የተጠናቀቀ ጥርስ አትቀበሉ።

ከዚህ በኋላ ቴክኒሺያኑ ሰሙን በሙቅ ውሃ አቅልጦ በቦታው አክሪሊክ ያስገባል፤ 70 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ውስጥም ለብዙ ሰዓታት ያበስለዋል። በችኮላ ቶሎ ከሞቀ ውስጡ አረፋ ይቋጥራል፣ በቀላሉም ይሰበራል። ስለዚህ ለጥቂት ቀናት ብትጠብቁ ምክንያት አለው። ለቴክኒሺያኑ ስማችሁን ወይም መለያ ቁጥራችሁን በፕላስቲኩ ውስጥ እንዲያስገባላችሁ ንገሩት። ሆስፒታል ስትተኙ ወይም ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ቢጠፋ ይታወቃል።

አምስተኛው ቀጠሮ መግጠም ነው። ሐኪሙ ሹሉን በጣቱ ይፈልጋል፤ በቀለም ወረቀት እያስነከሰ ከፍ ያለውን ይሞርዳል። በሁለቱም ወገን እኩል መግጠሙን ሳያይ አያሰናብታችሁ። በማግስቱ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ከሳምንትም በኋላ እንደገና መታየት የሥራው ክፍል ነው። ከካምፕ የመጣ ሰው ከተቻለ ከተገጠመለት በኋላ ጥቂት ቀን ከተማ ይሰንብት። ለእነዚህ ቀናት የሚያርፍበት ቦታ ከወዲሁ ይታሰብበት። በሳጥን ውስጥ የቀሩት ጥርሶች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የተቋረጡ ናቸው።

5ኛ/ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ባዕድ ነው። አፍ ይሞላል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ምላስ ይደናገራል። ይህ በሳምንታት ውስጥ ያልፋል። መጀመሪያ ለስላሳ ነገር ብሉ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ገንፎ፣ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ የበሰለ ዓሣ። ጉርሻው ይነስ። በአንድ ጎን ብቻ አታኝኩ፤ ትንሽ ትንሽ በሁለቱም ጎን አድርጉት፣ ጥርሱ እንደ ሚዛን እኩል ይቆማል። በፊት ጥርስ መግመጥ ተዉ። ዳቦውን ቁረሱ፣ ሥጋውን በቢላ ክተፉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ የሚመጡት ኋላ ነው፤ ለአንዳንዱም ላይመጡ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከተፈጥሮ ጥርስ ጉልበት ሩቡን ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው ያለው።

ንግግር ለማስተካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብን የመሰለ የለም። ዳዊት የሚደግም ይድገም፣ ቁርኣን የሚቀራ ይቅራ፣ የልጅ ልጅ ያለው ተረት ያውራ።

ቢያቆስላችሁ አውልቃችሁ አሳርፉት። ነገር ግን ወደ ሐኪም ከመሄዳችሁ በፊት ያን ዕለት ወይም ከአንድ ቀን በፊት አድርጉት፤ ቁስሉ ካልታየ ሐኪሙ የት መሞረድ እንዳለበት አያውቅም። በቢላ፣ በሞረድ ወይም በመስታወት ስባሪ ራሳችሁ አትፋቁት። ትንሽ ሲፋቅ ጠርዙ ያጥራል፣ አየር ይገባል፣ ጥርሱም ይወድቃል። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ ስብርባሪም ልኩ ይዛባል፤ ስባሪውን ሰብስባችሁ ለቴክኒሺያን ውሰዱ።

6ኛ/ በጅቡቲ ኑሮ ውስጥ አያያዙ

ጥርሱን በየቀኑ፣ በተለይም ማታ፣ በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና እጠቡት። የሚያስፈልገው ውሃ አንድ ኩባያ ነው። በእጅ ላይ ያንሸራትታልና ከሥሩ ውሃ ያለበት ሳህን ወይም የታጠፈ ፎጣ ይኑር፤ ሲሚንቶ ላይ ከወደቀ ይሰበራል። በአሸዋ፣ በአመድ፣ በከሰል አትፈግፍጉት፤ ፕላስቲኩ ይጫጫራል፣ በጭረቱም ውስጥ ቆሻሻ ይሰበሰባል። የፈላ ውሃ በፍጹም አታፍስሱበት፤ ይጣመማል።

ማታ አውልቃችሁ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አኑሩት። ድድም እንደ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል። ሌት ተቀን የማያወልቅ ሰው ላንቃው ይቀላል፤ ሻጋታ መሰል ተሐዋስያን ይራቡበታል። ለምን ውሃ ውስጥ? አክሪሊክ ሲደርቅ ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። የጅቡቲ በጋ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ በመሆኑ በቆርቆሮ ሥር፣ በመኪና ውስጥ ወይም በመስኮት ላይ የተተወ ጥርስ ይበላሻል። ድዳችሁንና ምላሳችሁንም በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ።

ስለ ጫትም ሳልናገር አላልፍም። በየቀኑ ከኢትዮጵያ የሚገባውን ጫት እዚህ ብዙ ሰው ይቅማል፤ ከእኛም ውስጥ አለ። ስብከት አላበዛም፣ ከጥርሱ ጋር ያለውን ብቻ ልናገር። ጫት አፍን ያደርቃል፤ ጥርሱን የሚይዘው ደግሞ ምራቅ ነው። ጫት በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ሲታጨቅ ጥርሱን በአንድ ወገን ይገፋል፣ የሌላውን ወገን ያነሣል፣ ድዱንም ያቆስላል። ስለዚህ በሚቅምበት ሰዓት ጥርሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ ማስቀመጥ ይሻላል። በላዩ ላይ የሚጠጣው ጣፋጭ መጠጥ የራሳቸው ጥርስ ላላቸው ወጣቶች ዋነኛ ጠላት ነው። ሲጋራና ትንባሆም አፍን ለካንሰር ያጋልጣሉ።

7ኛ/ ልንጠነቀቃቸው የሚገቡ ነገሮች

የሌላ ሰው ጥርስ፣ የሟች ወላጅም ቢሆን፣ በማንም አፍ በልክ አይገጥምም። እንደ አውራ ጣት አሻራ ነው። በአንድ ቀን ልክ ወስዶ በአንድ ቀን የሚያስረክብ፣ መንጋጋ የማይለካ፣ በሰም የማያስሞክር ሰው ቢያጋጥማችሁ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ «በሰም እሞክረዋለሁ? ሲያቆስለኝ ታስተካክልልኛለህ? ከዓመት በኋላ የት አገኝሃለሁ?» መልስ ከሌለው ተመለሱ።

የቀረ ሥር ወይም የሚመግል ጥርስ ሳይነቀል በላዩ ጥርስ አይገጠምም። እንዲሁም በአፍ ውስጥ ያለ ቁስል ጥርሱ ከወለቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ካልዳነ፣ ነጭ ወይም ቀይ ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ጠጠር ከያዘ ለጤና ጣቢያው ሳትዘገዩ አሳዩ። ሕመም ባይኖረውም አሳዩ።

ጥርሱ ደህና ነው ብላችሁ እንኳ በዓመት አንድ ጊዜ ብትታዩ መልካም ነው። የሰፋ ጥርስ ሁልጊዜ መጣል የለበትም፤ ውስጡ በአዲስ አክሪሊክ ሊሞላ ይችላል፤ ይህም አዲስ ከማሠራት ይቀላል። የታችኛው ድዳቸው ፈጽሞ ለሟሸሸባቸው ሰዎች በአጥንት ውስጥ ሁለት የቲታንየም ብሎን ተክሎ ጥርሱን በዚያ ላይ ማሰር የሚባል ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለታችኛው መንጋጋ ይህን የመጀመሪያ ምርጫ ብለውታል። ዋጋው ግን ከፍተኛ ስለሆነ ለአብዛኞቻችን ገና ሩቅ ነው። በልክ የተሠራ ተራ ጥርስ እስከዚያው ብዙ ይረዳል።

በመጨረሻም፤

የጅቡቲ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ያወጣው የስደተኞች ሕግ ለስደተኛው የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቷል። የትኛው የጥርስ ሕክምና በነፃ፣ የትኛው በክፍያ እንደሆነ ከካምፑ ጤና ጣቢያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሪፈር ሲጻፍላችሁ የቀጠሮውን ብዛት ተናግራችሁ መመላለሻው በአንድ ላይ እንዲታሰብ አሳስቡ። ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ካለ ከአዛውንቶቹ ጋር ይሂድ፤ ግማሹ ሥራ መነጋገር ነውና።

ቤተሰብም የበኩሉን ያድርግ። አዲስ ጥርስ ያደረገን ሰው አትሳቁበት። በቀስታ ሲበላ አትቸኩሉበት፤ ገበታው ላይ ጠብቁት። ገና የራሳችሁ ጥርስ ያላችሁ ደግሞ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ በየዕለቱ ጠብቁት። የሚያም ጥርስ ሁሉ የሚነቀል አይምሰላችሁ፤ ሊሞላ የሚችል ብዙ ነው። ከሥሩ የጸና አንድ ጥርስ እንኳ ቢቀር ለሰው ሠራሹ ጥርስ ማሰሪያ፣ ለአጥንቱም ጠባቂ ይሆናል።

በመሐረብ የቋጠራችሁት ጥርስ ያላችሁ አባቶችና እናቶች ወደ ቤት ስትመለሱ አውጡትና ውሃ ውስጥ አኑሩት። በቀጠሮ ቀን ይዛችሁት ኑ፤ እኔም አብሬአችሁ እገባለሁ። ሊስተካከል የሚችል ከሆነ ይስተካከላል፤ ካልሆነም አዲሱ እንዴት መሠራት እንዳለበት ከዚያ ይታወቃል።